ላልበሉት ዕዳ ደረሰኝ

መንግሥት አንድን ወጣት «ና ተማር፣ ገንዘብ ባይኖርህ እኔ አለሁልህ» ብሎ ይጋብዘዋል። ወጣቱ በሩ ላይ ሲደርስ ደግሞ «ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ለጦርነት ስምህን ማስመዝገብህን አሳየኝ» ይለዋል። እኛ አገር የሆነ ነገር የማወራ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ነው። ለአንድና ሁለት ዓመትም አይደለም፤ አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው የቆመው፣ እሱም ቆመ ከተባለ።

ዛሬ የማነሳቸው ሰዎች በዚያ በር ላይ ቆመው ሌላው ተማሪ የማይጠየቀውን የሚጠየቁ ናቸው። ሲወለዱ «ሴት» ተብለው ተመዝግበው ዛሬ ወንድ ሆነው የሚኖሩ፣ ትራንስጀንደር ወንዶች የሚባሉት። የአሜሪካ ሕግ እነዚህን ሰዎች ለውትድርና ተመዝገቡ አይላቸውም። የምዝገባው መሥሪያ ቤት፣ ሴሌክቲቭ ሰርቪስ የሚባለው፣ ሰውን የሚለየው ሲወለድ በተጻፈለት ጾታ ስለሆነ «እናንተን አይመለከትም» ብሎ በግልጽ አስታውቋል። እሰየው! ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔም ብዕር ባላነሳሁ። ግን «አይመለከታችሁም» ያለው መንግሥት ዞር ብሎ «እንደማይመለከታችሁ ማስረጃ አምጡ» ይላል። ሰው የተበደረውን መክፈሉን በደረሰኝ ያሳያል፤ ያልተበደረ ሰው የምን ደረሰኝ ያሳይ?

ነገሩን ከሥሩ እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የቬትናም ጦርነት ያንገሸገሸው ሕዝብ ጮኾ ጮኾ በ1973 የግዳጅ ምልመላው ቀረ። በ1975 ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ምዝገባውንም አስቆሙት። በ1979 መጨረሻ የሶቪየት ጦር አፍጋኒስታን ሲገባ ግን ዋሽንግተን ደነገጠችና በ1980 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ምዝገባውን መልሰው አመጡት። ምዝገባ ብቻ፤ ምልመላ የለም። ወንድ ልጅ 18 ዓመት በሞላው በ30 ቀን ውስጥ ስሙን ይሰጣል፣ እስከ 26 ዓመቱም በመዝገብ ይያዛል። ያልተመዘገበ እስከ 5 ዓመት ሊታሰር፣ እስከ 250 ሺህ ዶላርም ሊቀጣ ይችላል።

ይህ እንግዲህ ወረቀት ላይ ነው። በተግባር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ሳይመዘገቡ ቀሩ። ያን ሁሉ ሰው የት ያስሩታል? ጥቂቶቹን ለመቀጣጫ ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱ የወጣቶች መድረክ ሆነና ነገሩ የባሰ ተሰማ። ከ1986 ወዲህ ባለመመዝገቡ የተከሰሰ ሰው የለም። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ማለት ይህን ጊዜ ነው። በ1982 ጄራልድ ሰለሞን የተባሉ የኒውዮርክ የምክር ቤት አባል ያቀረቡት ማሻሻያ ጸደቀና ያልተመዘገበ ወንድ ከፌደራል መንግሥት የትምህርት ዕርዳታም ብድርም እንዳያገኝ ተደረገ። ቅጣቱ ከእስር ቤት ወጥቶ ኮሌጅ ገባ ማለት ነው።

ማንን ነው የነካው? አባቱ ቼክ ጽፎ የሚከፍልለት ልጅ የመንግሥት ዕርዳታ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ተመዝገብ አልተመዝገብ የሚለው የለም። የሚያዘው ፔል ግራንት ካላገኘ ትምህርት ቤት የማይረግጠው ነው። ጉዳዩ በ1984 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ስድስት ዳኞች «ሕጉ ምንም አላጠፋም» ብለው አሳለፉት። ዳኛ ተርጉድ ማርሻል ግን በተቃውሞ ሐሳባቸው ይህንኑ ነበር ያነሡት፤ ሸክሙ የሚወድቀው ገንዘብ በሌለው ተማሪ ጫንቃ ላይ ነው አሉ። የሚሰማቸው አላገኙም።

አሁን ወደ ፎርሙ እንምጣ፤ ጉዱ ያለው ፎርሙ ላይ ነውና። የፌደራሉ የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ፋፍሳ ይባላል። ልጅ ያስተማረ የዲያስፖራ ወላጅ ሁሉ ስሙን ሲሰማ ግንባሩን ይቋጥራል። ይህ ፎርም ለብዙ ዓመታት «ወንድ ነህ ወይስ ሴት?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። የጠየቀው ለስታቲስቲክስ እንዳይመስላችሁ። «ሴት» ያለች ቀጣዩን ጥያቄ ዘልላ ታልፋለች። «ወንድ» ያለው ደግሞ «ካልተመዘገብህ እዚሁ እንመዝግብህ?» ይባላል። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ስሙን ከሴሌክቲቭ ሰርቪስ መዝገብ ጋር ያመሳክራል። ስሙ ከሌለ ማመልከቻው ምልክት ይደረግበትና ጣጣው ለኮሌጁ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ይተላለፋል።

ትራንስጀንደሩ ወጣት የትኛውን ይምረጥ? «ወንድ» ቢል (መንጃ ፈቃዱም ይላል፣ ጢሙም ይላል) ስሙ መዝገቡ ላይ የለም። ሊኖርም አይገባም። ቢሆንም ገንዘቡ ይያዛል። ጭንቅ ብሎት «እዚሁ መዝግቡኝ» የሚለውን ቢነካ ሕግ ያልጣለበትን ግዴታ በገዛ እጁ ሊሸከም ነው። «ሴት» ቢል ኮምፒውተሩ ዝም ይላል። ነገር ግን ፎርሙ መጨረሻ ላይ «የሰጠሁት ቃል ሁሉ እውነት ነው» ብሎ የሚፈርምበት ቦታ አለ፤ ውሸት ቢገኝ ደግሞ ቅጣት አለው። መታወቂያው አንድ ነገር ብሎ ፎርሙ ሌላ ሲል ማን ነው ዋሾው? ፎርሙን ያወጣው ሰው እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን ጨርሶ አላሰበም። ካላሰበ ደግሞ የሚያስበው ተማሪው ይሆናል፣ ያውም በ18 ዓመቱ።

መፍትሔ የተባለው አንድ ደብዳቤ ነው። ሴሌክቲቭ ሰርቪስ «ይህ ሰው የመመዝገብ ግዴታ የለበትም» ብሎ የሚጽፈው የማረጋገጫ ደብዳቤ። ደግ። ደብዳቤውን ለማግኘት ምን ያስፈልጋል? ሲወለድ የተጻፈለትን ጾታ የሚያሳይ የልደት ምስክር ወረቀት። ብዙዎቹ ግን ያንን ወረቀት በሕጋዊ መንገድ፣ ፍርድ ቤት ቆመው፣ ገንዘብ ከፍለው አስለውጠውታል። ስለዚህ የሚፈለገው የጸናው ሰነድ ቀርቶ የተሻረው ሆነ! አንድ የመንግሥት ክንድ «ይህ ከአሁን በኋላ አይሠራም» ብሎ የሰረዘውን ወረቀት ሌላው ክንድ «እሱን ነው የምፈልገው» ይላል። ቀበሌ ለቀበሌ ተመላልሶ ያደገ አንባቢ ይህን ሲያነብ ሳቁ የሚመጣ ይመስለኛል፣ መራራ ሳቅ ቢሆንም።

ከ26 ዓመት በላይ የሆነውስ? በሠላሳ ዓመቱ ኑሮውን አስተካክሎ ኮሌጅ ልመለስ ሲል፣ ወረቀቱ ወንድ ይለዋል፣ መዝገቡ ባዶ ነው። አሁን ልመዝገብ ቢል እንኳ ዕድሜው አልፏል፣ አይመዘግቡትም። በ20 ዓመቱ ሴት ተብላ የምትታወቅ ሰው «ለምን አልተመዘገብሽም?» ተብላ አትጠየቅም ነበር። ዛሬ እሱ በዚያ ዘመን ስላላደረገው ነገር መልስ ይሰጣል።

«ታዲያ አንድ ወረቀት ማቅረብ ይህን ያህል ምን ያስጮኻል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ እንመልሰው። የኮሌጅ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ መስኮት ላይ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ ራሱ ተማሪ ነው፤ የትምህርት ወጪውን ለመሸፈን በሰዓት እየተከፈለው የሚሠራ። ነገ ካፍቴሪያ አብሮ ይሰለፋል፣ ከነገ ወዲያ አንድ ክፍል ይቀመጣል። ወጣቱ በከተማው ማንም ሳያውቅ በሰላም የሚኖር ሊሆን ይችላል። ፋይሉ ላይ «ለምን ነፃ ሆነ?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ግን የኑሮውን ምሥጢር ለመስኮቱ ይናገራል፣ ወይም ገንዘቡን ይተዋል። ሦስተኛ መንገድ የለም። በዚያ ላይ ደብዳቤው በፖስታ እስኪመጣ ትምህርት አይጠብቅም፤ የክፍያው ቀን ያልፋል፣ የመኝታ ክፍሉ ለሌላ ይሰጣል። የፔል ግራንት ጣሪያ በ2025-26 የትምህርት ዘመን 7,395 ዶላር ነው። ለአንዳንዱ ቤተሰብ ይህ የመዝናኛ ገንዘብ ነው፤ ለሌላው ትምህርት ወይም ትምህርት አልባነት ነው።

ኮንግረስ በስተመጨረሻ ነቃ። በዲሴምበር 2020 ፋፍሳን የሚያቀልል ሕግ አወጣና የፌደራሉን የትምህርት ዕርዳታ ከውትድርና ምዝገባ ለየው። ከ2021-22 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ያልተመዘገበ ተማሪ ዕርዳታውን አያጣም። ጥያቄው ራሱ ከፎርሙ የወጣው ግን ከ2023-24 ማመልከቻ ነው። በመሐል ምንም ዋጋ የሌለው፣ ሆኖም ሰውን የሚያስደነግጥ ጥያቄ ፎርሙ ላይ ተጎልቶ ቆየ። ያም ሆነ ይህ ሕጉ መልካም ነው፣ አመሰግናለሁ። የወጣው ግን ለትራንስጀንደር ሰዎች ታስቦ እንዳይመስላችሁ። የድሃ ልጆች በማያውቁት መዝገብ ምክንያት ከትምህርት መቅረታቸው ስለበዛ ነው። እኔ ከዚህ የምይዘው አንድ ነገር አለ፤ የእነዚህ ጥቂት ሰዎች ችግር መጀመሪያም የብዙኃኑ ድሆች ችግር ነበር፣ እነሱ ላይ ሲደርስ ጎልቶ ታየ እንጂ።

ፌደራሉ ገመዱን ሲፈታ ግዛቶቹ ቋጥረውት ቀሩ። ቴክሳስን ውሰዱ። የግዛቱን የትምህርት ድጋፍ የሚፈልግ ተማሪ መመዝገቡን ወይም ከምዝገባ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ቃል ፈርሞ ይሰጣል። ወደ 40 የሚጠጉ ግዛቶች ደግሞ ምዝገባውን ከመንጃ ፈቃድ ጋር አያይዘውታል። በአንዱ መስኮት የተዘጋው ጥያቄ በሌላው ገብቷል።

አሁን ደግሞ ወደሚያስገርመው ልግባ። ሴሌክቲቭ ሰርቪስ ሰውን በትውልድ ጾታው ብቻ ስለሚያይ ትራንስጀንደር ሴቶችን፣ ማለትም ሲወለዱ ወንድ ተብለው የተጻፉትን፣ ተመዝገቡ ይላል። ይመዘገባሉ። እንውጋ ቢሉስ? በ2016 የኦባማ አስተዳደር በግልጽ እንዲያገለግሉ ፈቀደ፤ በ2019 የትራምፕ እገዳ ሥራ ላይ ዋለ፤ በ2021 ባይደን ሻሩት፤ በጃንዋሪ 2025 ትራምፕ መልሰው አገዱ፤ በሜይ 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክርክሩ እስኪያልቅ እገዳው ይሥራ አለ። እንግዲህ ልብ በሉ። «ለሠራዊቱ አትበቁም» ብሎ ያባረራቸው መንግሥት «ለሠራዊቱ ስማችሁን ካላስመዘገባችሁ እቀጣለሁ» ይላቸዋል። ለሠርጉ አትጠሩም፣ የሠርግ መዋጮ ግን አምጡ እንደማለት ነው። ትራንስጀንደሩን ወንድ ደግሞ «አትመዝገብ፣ አታገልግልም፣ ግን አለመመዝገብህን አስረዳ» ይለዋል። አገርን መከላከል የሚባለው ቁም ነገር ከዚህ ውስጥ የቱ ጋ እንዳለ የሚያሳየኝ ባገኝ ደስ ባለኝ።

ይህን ያህል ካልኩ ዘንድ ስለሚመጣውም ልናገር። በዲሴምበር 2025 የጸደቀው የመከላከያ በጀት ሕግ ወጣቱ ስሙን ይዞ መሄዱን አስቀርቶ መንግሥት ራሱ ከሌሎች የፌደራል መዛግብት እየለቀመ እንዲመዘግብ አዝዟል፤ ይህም በአንድ ዓመት ውስጥ ሥራ ላይ እንዲውል ነው። ለአብዛኛው ሰው እፎይታ ይመስላል። ረስቶ የሚቀጣ አይኖርማ። ነገር ግን መዛግብቱ እርስ በርስ አይስማሙም። የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት በመዝገቡ ላይ ጾታ መለወጥን ለዓመታት ሲፈቅድ ኖሮ በጃንዋሪ 2025 መጨረሻ አቆመ። ከዚያ በፊት ያስለወጠ ሰው እዚያ «ወንድ» ነው። ፓስፖርቱን ቢያሳድስ ደግሞ አዲሱ መመሪያ የትውልድ ጾታውን ብቻ ስለሚጽፍ «ሴት» ተብሎ ይወጣለታል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በኖቬምበር 2025 መመሪያው ለጊዜው እንዲቀጥል ፈቅዷል። መንጃ ፈቃዱ እንደ ግዛቱ ነው። አንድ ሰው በአንድ ኪሱ ወንድም ሴትም ይዞ ይሄዳል፣ ሁለቱም የመንግሥት ማኅተም ያለባቸው። ኮምፒውተሩ የትኛውን አምኖ ይመዝግብ? ቢሳሳትስ የሚያስተካክለው ማን ነው? ያው ወጣቱ፣ ያው የተሻረ የልደት ወረቀት ተይዞ።

«ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚለው አንባቢ አሁን ይጠብቀኛል። አንዳንዱም «እንዲህ ያሉ ሰዎችን ሃይማኖቴም ባህሌም አይቀበልም፣ ለምን ትከራከርላቸዋለህ?» ይለኛል። ለሁለተኛው መልሴ አጭር ነው። እምነትህን ያዝ፣ ማንም አልነካብህም። የምጠይቅህ ስለ ደረሰኙ ነው። ዕዳ የሌለበትን ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ዕዳ እንደሌለበት እስኪያስረዳ ድረስ እንጀራውን መያዝ ልክ ነው? ልክ ነው ካልክ በሚቀጥለው ጊዜ ሰልፉ ላይ የምትቆመው አንተ ነህ።

እንዲያውም ቆመሃል፤ ለመጀመሪያው አንባቢ የምመልሰውም ይህን ነው። በዲቪ፣ በጥገኝነት ወይም በቤተሰብ ጥሪ አሜሪካ የገባ፣ ዕድሜው ከ18 እስከ 26 የሆነ ወንድ ሁሉ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ወረቀት የሌለውም ጭምር። (በተማሪ ቪዛ ያለው፣ ቪዛው እስካልተበላሸበት ድረስ፣ አይመለከተውም።) ስንቱ ያውቃል? በደርግ ዘመን ብሔራዊ ውትድርና የሚለውን ስም ሰምቶ ልጁን የደበቀ ወላጅ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ ደርሶ «ለውትድርና ተመዝገብ» የሚል ፖስታ ሲመጣለት ቢቀደው ይፈረድበታል? መዘዙ የሚመጣው ዜግነት ሲጠየቅ ነው። ከ26 እስከ 31 ዓመት ያለ አመልካች ሳይመዘገብ የቀረው አውቆና ሆን ብሎ እንዳልሆነ ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ ካላሳመነ ዜግነቱን ሊከለከል ይችላል።

እንግዲህ ከእኛው መሐል ትራንስጀንደር የሆነውን ወጣት አስቡት። የለም አትበሉኝ፣ በዝምታ የሚኖር ስለሆነ አልታየ ይሆናል። የልደት ወረቀት አምጣ ይባላል። እኛ አገር የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2016 ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው ወረቀቱን የሚያወጣው በኋላ፣ ሲያስፈልገው፣ ሰው ልኮ ነው። ማንን ይላክ? አክስቱን? «ለምን ፈለግከው?» ስትለው ምን ይመልስላት? ቴክሳስ ተወልዶ ያደገው ቢያንስ ወረቀቱን የሚያገኘው ከመሥሪያ ቤት ነው። የእኛ ልጅ ወረቀቱን የሚያገኘው ከዘመድ ነው። ዘመድ ካወቀ ማን ሳያውቅ ይቀራል?

አንዳንዶች «ሴቶቹም ይመዝገቡ፣ ነገሩ ያኔ ይቀልላል» ይላሉ። በእርግጥ ሁሉም ከተመዘገበ ጾታ የሚጠይቅ አይኖርም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1981 ወንዶች ብቻ መመዝገባቸው ትክክል ነው ያለው ሴቶች ውጊያ ላይ ስለማይሰለፉ ነበር፤ ያ ክልከላ በ2015 መጨረሻ ጨርሶ ተነሥቷል። በ2019 ቴክሳስ ውስጥ አንድ የፌደራል ዳኛ ምክንያቱ አብቅቷል ብሎ ፈረደ፤ ይግባኝ ሰሚው ሻረው፤ በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ። እኔ ግን የማይጠቅምን መዝገብ በእጥፍ ማሳበጥ አይታየኝም። ከ1973 ወዲህ አንድም ሰው በግዳጅ አልተመለመለም። በ2021 ከሁለቱም ፓርቲዎች የተውጣጡ የምክር ቤት አባላት ምዝገባው ከነመሥሪያ ቤቱ ይሰረዝ ብለው ረቂቅ አቅርበው ነበር። ሳይጸድቅ ቀረ። እሱ ነበር ትክክለኛው መንገድ።

እስከዚያው ለሴሌክቲቭ ሰርቪስ ሰዎች የአዲሱን ምዝገባ ደንብ ሲጽፉ አንድ መስመር ይጨመርልኝ። «ሕጉ አይመለከተኝም» ብሎ በፊርማው ያረጋገጠ ሰው ቃሉ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ማስረጃ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት በራሱ ሠራተኛና በራሱ ወጪ ከራሱ መዛግብት ይፈልግ። ቴክሳስና መሰሎቿም የትምህርት ድጋፋቸውን ፌደራሉ እንዳደረገው ከምዝገባው ይፍቱት። የሚያወጣቸው ሳንቲም የለም፤ ከፎርሙ ላይ የሚሰረዘው ጥቂት መስመር ነው።